የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለ ዛፍና ስለ ፋብሪካ ነው። «ካህን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ያስተምር እንጂ ስለ ፋብሪካ ምን አገባው?» የሚል ሰው አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን ባለፋብሪካው ራሱ ከደጄ መጥቶ የነፍስ ጥያቄ ጠየቀኝ። የነፍስ ጥያቄ የተጠየቀ ካህን ዝም ቢል ዕዳ ይሆንበታል። ስለዚህ ለእርሱ በጓዳ የመለስሁለትን ለእናንተም በአደባባይ እነግራችኋለሁ።

እኔ የማገለግለው በራያ ቆላ፥ በሮቢት ነው። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በምዕራብ የደጋው ተራራ፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ እንደ ሁለት ግድግዳ ቆመው በመካከላቸው ሜዳው ተዘርግቷል። ሜዳው ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ለም አፈር ነው፤ ዝናሙ ግን አንዱን ዓመት ይሰጣል፥ አንዱን ዓመት ይነሣል። ስለዚህ አባቶቻችን ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፉ ወደ እርሻቸው በማስገባት ኖረዋል። ተራራው ዛፍ ለብሶ ሳለ ውሃው በዝግታ ይወርዳል፥ አፈሩም ይጠጣዋል። ተራራው በተራቈተ ጊዜ ግን ያው ውሃ ድንጋይና አሸዋ ተሸክሞ ይመጣና ያጠጣው የነበረውን እርሻ ይቀብረዋል። በረከት የነበረው መቅሠፍት የሚሆነው ውሃው ስለ ተለወጠ አይደለም፤ እኛ ተራራውን ስለ ገፈፍነው ነው። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ በወሎ ያላንኳኳው ደጅ የለም። የዚያ መከራ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የመሬቱ መራቈት አንዱ እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን አይጠራጠሩም።

እንግዲህ ነገሬን ልጀምር። ካቻምና በሐምሌ ወር አንድ የፋብሪካ ድርጅት ችግኝ በመኪና ጭኖ ወደ እኛ መጣ። ስሙን አልጠራም፥ የሚሠራውንም ዕቃ አልናገርም፤ ነገሩ የአንዱ ብቻ አይደለምና። ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነበር። ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ተዘረጋ፥ ፎቶግራፍ ተነሣ፥ ሕዝቡም እልል አለ። እኔም መስቀሌን ይዤ ወጣሁና ጸበል ረጭቼ ባረክሁ። በግማሽ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ገደል በሙሉ በችግኝ ተሞላ። ማታ መኪናው ሄደ። ጥቅምት ሲገባ ዝናሙ አቆመ፤ ከማሽላው አጨዳ በኋላም ፍየሉና ከብቱ ተለቀቀ። ለትንሣኤ ጾማችንን ፈትተን ወደዚያ ገደል ብወጣ ደረቅ እንጨት ብቻ ቆሞ አገኘሁ።

በሕይወት የተገኙት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተተከሉት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። እነዚያንም አንዲት እማሆይ በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ፥ እሾህም እያጠሩላቸው አቆይተዋቸዋል። «እማሆይ፥ ይህን ያደርጉ ዘንድ ማን አዘዘዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «አባቴ፥ እርስዎ ባርከዋቸው የለም ወይ? የተባረከ ነገር ሲሞት እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?» አሉኝ። ያን ጊዜ አፈርሁ። እኔ ጸበል ስረጭ «ነገ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁምና። ስለዚህ ይህን ስናገር በድርጅቱ ላይ ብቻ ጣቴን የምቀስር አይምሰላችሁ፤ ጥፋቱ የጋራችን ነበር።

ዘንድሮ ያው ድርጅት ተመልሶ መልእክተኛ ላከ። ዳግመኛ ችግኝ ሊተክል፥ ለቤተ ክርስቲያኑም ገንዘብ ሊሰጥ ወደደ። መልእክተኛው ቅን ሰው ነው። ከሰበካ ጉባኤው ስብሰባ በኋላ ብቻዬን አግኝቶ፥ «አባታችን፥ ይህ የምናደርገው ነገር በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ምጽዋት ይቈጠርልናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሽማግሌዎቻችንም ገሚሶቹ «እንቀበል» አሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ «ካቻምና ያየነው ይበቃናል፥ አንቀበልም» አሉ። እኔም ሦስት ቀን ስጡኝ ብዬ ወደ መጻሕፍት ሄድሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የአማርኛችንን ጥበብ ተመልከቱ። ችግኝ ሥር ሰድዶ ሲለመልም «ጸደቀ» እንላለን፤ ሰውም በእግዚአብሔር ፊት እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ «ጸደቀ» እንላለን። እኔ በልጅነቴ ቅኔ የተማርሁት በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበርና፥ ሰሙን ትቼ ወርቁን መፈለግ ልማዴ ነው። በዚህ ቃል ግን ሰምና ወርቁ አንድ ሆኖ አገኘሁት። የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም። የተጠመቀም ሁሉ፥ የመጸወተም ሁሉ እንዲሁ አይጸድቅም። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጽደቅ ግን በትዕግሥትና በጥበቃ የሚመጣ ነው።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ሁለት ነገር እንዳዘዘው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል፤ ያበጃት ዘንድ፥ ይጠብቃትም ዘንድ። አንዱን ትእዛዝ ይዞ ሌላውን የሚተው ሰው ግማሽ አዳም ነው። የዛሬ ሠራተኛና ነጋዴ ማበጀቱን አውቆበታል፤ መሬት ቈፍሮ ማዕድን ያወጣል፥ ከጥጥ ልብስ፥ ከቆዳ ጫማ፥ ከድንጋይ ሲሚንቶ ይሠራል። ይህን ማንም አይነቅፈውም፤ ሥራ የተባረከ ነው፥ ለልጆቻችንም እንጀራ ሆኗል። መጠበቁ ግን ተረስቷል። በኦሪት ዘዳግምም ሠራዊት ከተማ ከብቦ ሲዋጋ እንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ታዝዟል። በጦርነት ሰዓት ያልተፈቀደው በሰላም ጊዜ ለትርፍ ሲባል እንዴት ይፈቀዳል?

ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ስለ አንዲት በለስ በምሳሌ አስተምሯል። የወይኑ ቦታ ጌታ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎባት ባላገኘ ጊዜ ትቈረጥ አለ፤ አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን ኮትኩቶ ፍግ እስኪያፈስባት ድረስ አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለመነው። አስተውሉ፤ አትክልተኛው «ጸልዩላት» ብቻ አላለም፥ በላይዋ ስሙን ሊጽፍም አልፈለገም። መኮትኮትና ፍግ ማፍሰስ በራሱ እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። የሚማልደውም የሚደክመውም ያው አንድ ሰው ነው። ካህንም፥ ባለጸጋም፥ ምእመንም ለተከለው ዛፍ እንዲህ ሊሆን ይገባዋል።

በአገራችን መንግሥት በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ የተባለውን የችግኝ ተከላ ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ፥ ብዙ ድርጅቶችና ፋብሪካዎች ክረምት በገባ ቍጥር ሠራተኞቻቸውን ይዘው ለመትከል ይወጣሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን፥ በአንድ ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በመንግሥት ተነግሯል። እጅ የሚያስነሣ ትጋት ነው። ነገር ግን የተተከለውን በሐምሌ መቍጠር ቀላል ነው፤ የጸደቀውን በግንቦት መቍጠር ነው የሚከብደው። እኔ ባለሥልጣን ብሆን ኖሮ ለተከለው ሳይሆን ለጠበቀው እሸልም ነበር።

አሁን ወደ መልእክተኛው ጥያቄ ልመለስ። ምጽዋት ነው ወይስ አይደለም? መልሱን ከአንድ ዛፍ ላይ አገኘሁት፤ ዘኬዎስ ከወጣበት ሾላ ላይ። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ፥ እጅግም ባለጸጋ ነበረ። ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ፤ ጌታም ከዛፉ አውርዶ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ጊዜ ዘኬዎስ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኆች እንደሚሰጥ፥ በዐመፅ ለወሰደበትም ሰው ሁሉ አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ። ሁለቱን አላደባለቃቸውም። ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ የሚመልሰው ግን ዕዳ ነው። የወሰደውን መልሶ «ሰጠሁ» ብሎ ቢመካ ኖሮ መዳን ወደዚያ ቤት ባልገባ ነበር።

ፋብሪካም እንዲህ ነው። ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ያነድዳል፥ ጭስ ይለቃል፥ ቆሻሻውንም ወደ ወንዝ ይሰድዳል። የቆቦ ጊራና ሸለቆን የከርሰ ምድር ውሃ እናስብ፤ ዛሬ ከጥልቅ ጉድጓድ እየወጣ መስኖ ሆኗል። ያ ውሃ በዘመናት ከተራራው ጠብ ጠብ ብሎ የተጠራቀመ የአባቶች ውርስ ነው። ከዚያ የሚቀዳ ሁሉ፥ ገበሬም ይሁን ፋብሪካ፥ ተራራውን ዛፍ ባላለበሰ ጊዜ የልጆቹን ውሃ ጠጣ ማለት ነው። የአገራችንም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1995 ዓ.ም. ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና ስለ አካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ወጥቷል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክም የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ ተሠርቷል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በእኛው በወሎ፥ በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ፋብሪካ ወደ ደጃችን እየቀረበ ስለ ሆነ ይህ ትምህርት ለሩቅ ሰው አይደለም። ሕግ ያዘዘውን መፈጸም ምጽዋት አይባልም፤ ግብሩን የከፈለ ሰው «መጸወትሁ» አይልምና። ከዚያ አልፎ ከትርፉ ቀንሶ የማንንም ምስጋና ሳይሻ ለፍጥረት የሚያደርገው ነገር ግን፥ አዎን፥ ያ ምጽዋት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ካቻምና የተተከለው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ነበር። አንድ ዓይነት ዛፍ ብዙ ቢሆን እንጨት ነው እንጂ ደን አይደለም። ባሕር ዛፍን እናስብ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ገባ። ቶሎ አድጎ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ስላዳናት ውለታው አይካድም። ነገር ግን ወይራውን፥ ጽዱን፥ ዋንዛውን፥ ግራሩንና ቁርቁራውን አይተካም። ንቡ፥ ወፉ፥ መድኃኒቱና የአፈሩ ቅጠል ሁሉ በእነዚህ ላይ ነውና። ዳዊትም በ103ኛው መዝሙሩ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ዛፎቹንና በላያቸው የሚሰፍሩትን ወፎች አንድ ላይ ነው የሚያነሣቸው።

ዛሬ ሊቃውንት «ብዝኃ ሕይወት» የሚሉትን ነገር የመጀመሪያው ጠባቂው ኖኅ ነው። ኖኅ እንጨት ቈረጠ፥ ጠረበ፥ ውስጡንና ውጭውን በቅጥራን ለቀለቀ፤ ታላቅ ሥራ የሠራ አናጺ ነበረ። ነገር ግን የቈረጠው እንጨት ፍጥረትን ሁሉ በየወገኑ ለማዳን ዋለ። የምንወደውንና የሚጠቅመንን ብቻ አስገባ አልተባለም፤ ሁሉን በየወገኑ አስገባ ተባለ እንጂ። ስለዚህ ፋብሪካ ሁሉ እንደ ኖኅ መርከብ ሊሆን ይችላል። ከፍጥረት ይወስዳል፥ የወሰደው ግን ፍጥረትን ያተርፋል።

ይህም በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር የሚጠበቅበት ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው እርሱ ነው። ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በረኃቡ ዘመን ገበሬው ዘሩን በልቶ እንዳይጨርስ፥ የየአገሩ የማሽላና የስንዴ ዘር እንዳይጠፋ ደክመዋል። ስለዚህም ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. ከውጭ አገር ታላቅ ሽልማት ተቀብለዋል። የራያ ገበሬ ከእጁ የማይለየው የማሽላ ዘር ለደረቅ ዓመት የሚሆነውን ከለመለመ ዓመቱ ለይቶ የሚያውቅ የአባቶች ሀብት ነው። ዘር መጠበቅ ከዛፍ መትከል የማያንስ ጽድቅ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ልናገር። የከበሮአችን ገላ ከግንድ የተፈለፈለ ነው፤ መቋሚያችን፥ መቅደሳችን፥ የሆሣዕናው ዘንባባ ሁሉ ከዛፍ ነው። እኛም ባለ ዕዳዎች ነን። ዕጣናችንን ተመልከቱ። የዕጣን ዛፍ በዋግ ኽምራና በሰሜን ምዕራብ ቆላ ይበቅላል፤ ሰብሳቢዎቹ መንጋፍ በሚባለው መሣሪያ ልጡን እየፋቁ ያቈስሉታል፥ እርሱም ስለ ቍስሉ መዓዛ ይከፍለናል። ከእኛ ጽንሐ የተረፈው ወደ ውጭ አገር ሄዶ የሽቶና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይሠሩበታል። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በብዙ ቦታ አሮጌዎቹ ዛፎች ብቻ ቀርተው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ልጅ ዛፍ እንዳልተተካ፥ እንዲሁም ካልተጠበቀ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገልጠዋል። ምክንያቱም እሳት፥ ልቅ ግጦሽ፥ ተባይና ዕረፍት የሌለው ማቍሰል ነው። እንግዲህ ጸሎታችን እንደ ዕጣን ይረግ ዘንድ የምንለምን እኛ፥ ዕጣኑን የሚሰጠውን ዛፍ ዕረፍት ከነሣነው ምን ዓይነት ጸሎት እናሳርጋለን? ሽቶ የሚሠራው ባለፋብሪካና እኔ ካህኑ በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፍን ተበዳሪዎች ነን።

የምሥራችም ግን አለ። አባቶቻችን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያቆዩት ዛፍ ዛሬ ለዓለም መደነቂያ ሆኗል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፤ በዙሪያቸው ያለው አገር ሁሉ ሲራቈት እነርሱ እንደ ደሴት ቀርተዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ሊቅ ከአሜሪካዊቱ ሳይንቲስት ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፥ ካህናቱንና ሕዝቡን በማስተባበር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ገንዘቡ ከሩቅ መጣ፤ ድንጋዩን ግን ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ አመጣ። ስለዚህ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም ከከብት ዳነ። በመናገሻ ሱባም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። ንጉሡ ያስተከሉት ብቻውን አልቆመም፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ትውልድ ስለ ጠበቀው ነው የቆመው።

በሦስተኛው ቀን ለሰበካ ጉባኤውና ለመልእክተኛው መልሴን ሰጠሁ። «እንቀበላለን፤ ነገር ግን እንዲህ ከሆነ ነው» አልሁ። መጀመሪያ፥ ዛፉ የአገሩ ዛፍ፥ ዓይነቱም ብዙ ይሁን፤ ሽማግሌዎቻችንና የግብርና ባለሙያዎች ይምረጡት። ሁለተኛ፥ የሚተከለው እኛ ልንጠብቀው የምንችለውን ያህል ይሁን እንጂ ለፎቶግራፍ የሚበቃውን ያህል አይሁን። ሦስተኛ፥ ድርጅቱ ለሦስት ዓመት የጠባቂና የውሃ አመላላሽ ደመወዝ ይክፈል፤ ሥራውም ሥራ ላጡት ልጆቻችን ይሰጥ። አራተኛ፥ እኛም በበኩላችን ፍየላችንንና ከብታችንን ከዚያ ገደል እንከልክል፤ የፍየሉ ባለቤት የሚማልበትን አምላክ ዛፉም ያውቀዋልና። አምስተኛ፥ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እስከ ሦስተኛው ዓመት አይቁም፤ በሦስተኛው ዓመት የጸደቀውን ቈጥረን፥ የጸደቀውን ያህል እናመሰግናለን።

መልእክተኛው ጥቂት ዝም አለ። የሰሌዳው ነገር እንደ ከበደው ከፊቱ ታወቀኝ። ቀጥሎም፥ «አባታችን፥ ለአለቆቼ ይህን ስነግራቸው ይቈጡኛል፤ ነገር ግን ካቻምና የደረቀውን እኔም አይቼዋለሁ» አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱን ተቀብለው፥ አምስተኛውን «ትንሽ ሰሌዳ ይፈቀድልን» ብለው ላኩብን። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «እሺ፥ ትንሽ ትሁን፤ ነገር ግን የእማሆይ ስም አብሮ ይጻፍበት» አልናቸው። እማሆይ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «የኔ ስም ምን ያደርጋል? ሌላ ጀሪካን ይግዙልኝ» አሉ። በዚህም ከሁላችን በላይ ወንጌልን የተረጐሙት እርሳቸው ሆኑ። ሰሌዳዋ ቀረች፤ ጀሪካኑ ተገዛ።

እንግዲህ ልጆቼ፥ እናንት ባለፋብሪካዎች፥ እጃችሁን ስትዘረጉ መጀመሪያ የወሰዳችሁትን ቍጠሩ። ዕዳችሁን ክፈሉ፥ ከዚያም ስጡ። እናንት ሠራተኞች፥ ለአንድ ቀን ተከላ ስትወጡ በዓመቱ ተመልሳችሁ የተከላችሁትን ጠይቁ። እናንት ካህናት፥ ወንድሞቼ፥ ጸበል ከመርጨታችሁ በፊት «ነገ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንት ምእመናን፥ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ለቈርቈሮ መግዣ እንሽጥ ሲባል እሺ አትበሉ። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ ተክሎ በዚያ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ፤ ዕድሜው የገፋ ሰው የተከለው ለራሱ ጥላ አልነበረም፥ ለይስሐቅና ለያዕቆብ ነበረ እንጂ።

የምድርን ፊት የሚያድስ አምላክ፥ ለራያ ሜዳ የጊዜውን ዝናም ይስጥልን፤ ተራራችንን መልሶ ያልብስልን፤ እኛንም ከተከላቸው በኋላ ከሚደርቁት ሳይሆን ከሚጸድቁት ይደምረን። የእማሆይን ድካም የተቀበለ አምላክ የሁላችንንም ጥቂት ሥራ ይቀበልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።